ምንጩ ያልተጠቀሰ ለቅሶ

ሰኞ ጠዋት የ«ሸለቆ» መጽሔት ቢሮ በር ተገንጥሎ ተገኘ። ወልድያ ውስጥ በር ተገንጥሎ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ሌባው የወሰደውና የተወው ነገር ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፕላስቲኩ እንኳ በቅጡ ያልተላጠለት አዲስ ላፕቶፕ ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ደህና ፕሪንተር አለ። ሌባው ሁለቱንም አልፎ፣ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የኖረውንና በነጻ ልስጥህ ቢሉት የሚቀበል የማይገኝለትን አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ ሄዷል።

ኢንስፔክተር ዘነበች ደጃፉ ላይ ቆማ ይህን አየችና፣ ይህ ሌባ ወይ ዕውር ነው ወይ ምሁር ነው ብላ በልቧ አሰበች።

«ብዙ መድከም አያስፈልግም» አላት የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ዶክተር ሰለሞን፤ «ሌባዋን አውቃታለሁ።»

ዘነበች እንዲህ የሚሉ ሰዎችን አትወድም። በፖሊስነት ዘመኗ ሌባውን አውቀዋለሁ ያላት ሰው ሁሉ ሥራዋን ከማብዛት በቀር የፈየደላት ነገር የለም። ቢሆንም ወንበር ስባ ተቀመጠችና አስወራችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። «ሸለቆ» የአካባቢውን የእርሻ ጥናት የሚያትም መጽሔት ነው። መርሳ ከተማ የምትሠራ ነሲባ የተባለች ተመራማሪ፣ ግራና በተባለ የገጠር ቀበሌ ሽንኩርትን በቁጠባ ውሃ ስለማልማት የጻፈችውን ጥናት አስገባች። መጽሔቱ ጽሑፉን በኮምፒውተር ሲያስፈትሽ፣ ዶክተር አብዱልጀሊል የተባለ የሐራ ከተማ ሰው አምና ውጭ አገር ካሳተመው ጥናት ጋር ቁርጥ አንድ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ሰለሞንም አርብ ዕለት ነሲባን ጠርቶ ጽሑፏ በስርቆት መውደቁንና ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ እንደሚጻፍ አስታወቃት። ደብዳቤው ከተጻፈ ከሥራዋ ትባረራለች። ስሟም በየመጽሔቱ ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር የሚያትምላት አይኖርም።

«እሷ ምን አለች?»

«ጠረጴዛዬን ደበደበች። የተሰረቅኩት እኔ ነኝ አለች። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ይህንኑ ጽሑፍ በፍላሽ ይዤ መጥቼ ለዚሁ ቢሮ ሰጥቻለሁ፣ ያኔ የገመገመው ሰው ነው የወሰደብኝ ትላለች።»

ዶክተር ሰለሞን በዚያ ጊዜ እዚህ አልነበረም። ከእሱ በፊት የነበረው አዘጋጅ ውጭ አገር ሄዷል፤ ሲደወልለትም ስንቱን ላስታውስ ብሎ መልሷል። የዚያ ዘመን ጽሑፎችና የገምጋሚዎቹ ስም ያሉት በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ሐሙስ ቦርዱ ሲሰበሰብ ባለሙያ መጥቶ እንዲከፍተው ተቀጥሮ ነበር።

«ይኸው እሁድ ተሰረቀ» አለ ሰለሞን። «ሐሙስ ሲከፈት ውሸቷ እንዳይወጣ ብላ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

ውሃ የሚያነሳ ነገር መሆኑን ዘነበች አልካደችም። የቢሮው ጸሐፊ ሰላም ደግሞ፣ ግምገማ የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ጽሑፍ ሲመጣ የጸሐፊው ስም ይሰወርና ለአንድ ባለሙያ ይሰጣል። ባለሙያው ይታተም ወይም ይውደቅ ይላል። የእሱም ስም ለጸሐፊው አይነገርም። ዘነበች ሰምታ ሰምታ፣ ታዲያ ዳኛው ራሱ ቢሰርቅ ማን ያውቃል ብላ ጠየቀቻት። ሰላም አለቃዋን በጎን አየችና ወደ ወረቀቶቿ ተመለሰች።

ጥበቃው ጋሽ ኡበይደላ እሁድ ቀኑን ሙሉ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም ብለው ማሉ። ከሰዓት በኋላ ነሲባን በዚያ ስታልፍ አይቻታለሁ፣ በሻርፗ ሥር የያዘችው ነገር ነበር አሉ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ዶክተር ሰለሞን ላይ ነበር።

ነሲባን ከመርሳ አመጧት። ቀጭን፣ ጥቁር ሻርፕ ያጣፋች፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ጫማዋ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ዘነበች አልቅሳ የምትለማመጥ ሴት ጠብቃ ነበር። የመጣችው ግን ሳይሏት ወንበር ስባ የምትቀመጥ ሆነች።

«እሁድ የት ነበርሽ?»

«አልናገርም።»

«ብትናገሪ ይሻልሻል።»

«አርብ ዕለት ሁሉንም ተናግሬ ነበር። ማን ሰማኝ? ተመሳስሏል አለኝ። ከምን ጋር? የቱ መስመር ከየቱ መስመር? አላሳየኝም። የዚያን ሰውዬ ጽሑፍ ገንዘብ ካልከፈሉ አያነቡትም። ያላየሁትን ሰርቀሻል ተባልኩ። አሁን ደግሞ የት እንደነበርኩ እኔው ላስረዳ? ከሳሼ ያስረዳ። ያልሠራሁትን ለማስተባበል ከእንግዲህ አፌን አላደክምም።»

«እንዲህ ካልሽማ ታድሪያለሽ።»

«ልደር። እዚያ ቢሮ ገብቼ ይቅርታ ከምል እዚህ ባድር ይሻለኛል።»

ዘነበች ተናደደችባትም፣ ወደደቻትም። ቃሏን አጻፈችና ወደ ማረፊያ ክፍል ከመውሰዷ በፊት ሻይ አዘዘችላት። ነሲባ ሻዩን አልነካችውም።

ነገሩ አልዋጥልሽ ስላላት ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ወደ ቢሮው ሰፈር ሄደች። ከቢሮው በር ጥቂት ራቅ ብሎ የሰርግ ዳስ እየፈረሰ ነበር። እሁድ ዕለት ሰርግ ነበር ማለት ነው። ጋሽ ኡበይደላ ስለ በሩ ሲምሉ ስለ ሰርጉ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አፍንጫቸው ሥር የተጣለን ዳስ መርሳታቸው ዘነበችን ገረማት።

የሙሽራዋ አክስት ለይላ ተቀበለቻት። ለይላ ትልቅ ሰውነትና ከሰውነቷ የሚበልጥ ድምፅ ያላት ሴት ናት። በር ሲሰበር የሰማ አለ ወይ ተብላ ስትጠየቅ ሳቀች። ድቤው ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ እንኳን በር ቤቱ ቢፈርስ ማን ይሰማል አለች። ስልኳን አውጥታም ሰርጉን ታሳያት ጀመር። ፖሊስ ጠየቀኝ ብላ ሳይሆን፣ ሰርጉን ለማሳየት ሰበብ ያገኘች ሴት ናት።

ቪዲዮው ላይ ዳሱ ሞልቷል። መሐል ላይ አንድ ሰው ትልቅ ሳሕን ከፊታቸው አድርገው፣ ዓለምን ረስተው ይበላሉ። ጋሽ ኡበይደላ ናቸው።

ዘነበች ስልኩን ተውሳ ሄዳ አሳየቻቸው። ጋሽ ኡበይደላ ቪዲዮውን ዐይተው ሲጨርሱ ቆባቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ነሲባን አላዩዋትም እንግዲህ።»

«አላየኋት። ዶክተሩ ጠዋት መጥቶ፣ ያቺ ሴትዮ እሁድ በዚህ ስታልፍ አይተሃታል አይደል አለኝ። አላየሁም ብል የት ነበርክ ሊለኝ ነው። አዎ አልኩት።»

«ሰው እኮ ታስሮበታል፣ ጋሼ።»

«እሱን አውቃለሁ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

ዘነበች ልትቆጣቸው አሰበችና ተወችው። ቁጣዋ ለሌላ ሰው ነበር። ዶክተር ሰለሞን ዘንድ ገብታ፣ አርብ ዕለት ስለ አሮጌው ኮምፒውተር ከነሲባ ሌላ ለማን ነገሩ ብላ ጠየቀችው። ለማንም አለ። ጥያቄዋን ደገመችለት። ያኔ፣ ለዶክተር አብዱልጀሊል ብቻ ደውዬ ነበር አለ። የተሰረቀበት ሰው ነው፣ ሁኔታውን ማወቅ ይገባዋል፣ ደግሞ በአካባቢው የተከበረ ሰው ነው አለ። ሐሙስ ኮምፒውተሩ እንደሚከፈትም ነግሮታል።

«እሷን ያልሰሟትን ያህል እሱን ማጽናናትዎ ጥሩ ነው» አለችው ዘነበች። ሰለሞን ፊቱ ቀላ። የነገሩ ክብደት ገና አልገባውም ነበር።

ስትወጣ ሰላም ደረጃው ላይ ደረሰችባትና የታጠፈ ወረቀት አስያዘቻት። የአብዱልጀሊል ጽሑፍ ሙሉው ነበር። ለነሲባ መታየት የነበረበት አርብ ነው አለች ጸሐፊዋ፣ እኔ ለማለት አልደፈርኩም።

ዶክተር አብዱልጀሊልን ሐራ ሄዳ አገኘችው። መልከ መልካም፣ ንግግሩ የለሰለሰ፣ ሰላምታው የማያልቅ ሰው ነው። የግሉን የዘር ንግድ ከፍቶ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ መጋዘን ሠርቷል፤ በቅርቡም አንድ ትልቅ ፕሮጀክት እንዲመራ ሊሾም ነው ይባላል፤ ያሳጨውም ይኸው ውጭ አገር የታተመው ጥናት ነው። በነሲባ ላይ ቂም እንደሌለው ነገራት። ልጅ ናት፣ ተቸኩላ ነው፣ እኔ በበኩሌ ይቅር ብያታለሁ አለ። እሁድ የት ዋልክ ብላ ስትጠይቀው ሳይደናገጥ መለሰ። ሙሽራው የአጎቱ ልጅ ነው። እሱም ከአጃቢዎቹ አንዱ ሆኖ ሙሽራዋን ለማምጣት ወልድያ ሄዶ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል፣ በአጀቡም ሐራ ገብቷል። ቪዲዮው ላይ አለ፤ መቶ ሰው ይመሰክርለታል።

ዘነበች ተመልሳ ቪዲዮውን አየች። አብዱልጀሊል አለ። ሲገባ አለ፣ ሲበላ አለ፣ ሐራ ሲደርሱም መኪናው በሪባን አጊጦ ከፊት አለ። ኮማንደር ማሩ፣ አለቃዋ፣ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ እያለቀ ነበር።

«በአሮጌ ኮምፒውተርና በወረቀት ጠብ ጣቢያውን ልታስጨንቂው ነው» አላት። «ሴትዮዋን ፍርድ ቤት አቅርቢያትና ነገሩ ይለቅ።»

«ሴትዮዋ አልሰረቀችም፣ ኮማንደር።»

«ታዲያ ማን ሰረቀ? የተሰረቀበት ሰውዬ?»

«እሱን ነው የምጠረጥረው» አለችው። ማሩ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ እሷ አሁንም እዚያው ቆማ ነበር።

ስልኩን ለመመለስ ለይላ ዘንድ ስትሄድ፣ አጃቢዎቹ ደህና ሰዎች ነበሩ ወይ ብላ እንደዋዛ ጠየቀቻት። ለይላ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ወገቧን ያዘች። ሁሉም ደህና ነበሩ፣ ከዚያ ዶክተር ከሚባለው በቀር። ሙሽራ ልትወጣ ነው ሲባል መኪናው የለም፤ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀው። መጣ ሲባል ደግሞ የሙሽራዋን ሳጥን ኋላ ጫንልን ብንለው፣ የኋላው ተበላሽቷል፣ አይከፈትም አለ።

«ያን የሚያህል ሳጥን ሴቶች ጭናቸው ላይ አድርገው ሐራ ድረስ ሄዱ» አለች ለይላ። «እኔ ጉልበቴ እስካሁን አልተመለሰም። የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ዘነበች ከልቧ አዘነችላት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ልትስማት ምንም አልቀራትም። ከወልድያ ወደ ሐራ መውጫ ላይ ኬላ አለ፤ ፖሊሶቹ የመጣውን መኪና ሁሉ አስቁመው ይፈትሻሉ። እሁድ ተረኛ የነበሩትን ጠየቀቻቸው። የሙሽራ መኪና አንፈትሽም፣ ነውር ነው፣ እንዲያውም እኛም አጨብጭበን ነው ያሳለፍናቸው አሏት። የራሷ ባልደረቦች ለሌባ አጨብጭበው እንዳሳለፉ ስታስበው ዘነበችን ንዴቷም ሳቋም አንድ ላይ መጡባት።

በዚህ መነሻ ማሩን ተሟግታ የፍተሻ ትእዛዝ አወጣች። ረቡዕ ረፋዱ ላይ የሐራው መጋዘን ሲፈተሽ፣ ከዘር ከረጢቶቹ ጀርባ አሮጌው ኮምፒውተር ተገኘ። ሆዱ ተከፍቷል። ጽሑፍ የሚይዘው ሃርድ ዲስኩ በጎማ መፍቻ ተቀጥቅጦ ደቋል። በሩንም የገነጠለው ያው ብረት ነበር።

አብዱልጀሊል ሲያዝ አልተንፈራገጠም። ረጅም ጊዜ አሰበና፣ ኮምፒውተሩን ወስጃለሁ አለ። ያቺ ሴት ከመጽሔቱ ሰዎች ጋር ተመሳጥራ የሐሰት ፋይል ከትታበት ስሜን ልታጠፋ ነው ብዬ ፈርቼ ነው፣ ጥናቱ ግን የእኔ ነው አለ። ማን ያስተባብላል? ከእሷ በፊት ያሳተመው እሱ ነው። የገምጋሚው ስም ከሃርድ ዲስኩ ጋር ደቋል። ማታውኑ በዋስ ወጣ።

ነሲባ ከእሱ ቀድማ ከሰዓት ላይ ተፈታች። ዶክተር ሰለሞን የኮምፒውተሩ ጉዳይ የፖሊስ ነው፣ የጽሑፉ ጉዳይ ግን በታተመበት ቀን የሚዳኝ ነው ብሎ በስልክ ለዘነበች ነገራት። ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል፤ ደብዳቤውም ይጻፋል።

«ስርቆቱን አግኝተሻል፣ ምስጋና ይገባሻል፣ በቃሽ» አላት ማሩ። ዘነበች ግን አልበቃትም። የኮምፒውተር ሌባ ይዛ ለጽሑፍ ሌባ ኮፍያዋን አንስታ ልታሳልፍ አልፈለገችም።

ነሲባ ልትወጣ ስትል ጠራቻትና ሰላም የሰጠቻትን ወረቀት ከፊቷ አኖረች። ያን ጽሑፍ ነሲባ ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ቁጭ ብላ ታነብ ጀመር። የእኔ ነው፣ ይኸም የእኔ ነው እያለች ገጹን ትገልጣለች። ግራና ያለችውን ሐራ ብሎታል። የቦይ ውሃ ያለችውን የጉድጓድ ውሃ በሞተር ብሎታል። በየሳምንቱ ለሽንኩርቱ የተሰጠው ውሃ ከተጻፈበት ሠንጠረዥ ስትደርስ ግን ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈችና አላነሳችውም። ዘነበች ጎንበስ ብላ አየች። በዚያ ሳምንት ውሃ አልተሰጠም፤ ባዶ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ግን እጥፍ ተሰጥቷል። ምክንያቱ የትም አልተጻፈም።

«እኔ ምክንያቱን ጽፌው ነበር» አለች ነሲባ። «ዐረፍተ ነገሩን ቆርጦ ጥሎታል።»

ድምፅዋ ሲሰበር ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው።

ግራና የደረሱት አብረው ነው። የቦዩ የውሃ አባት ሼህ ኢዘዲን ናቸው፤ ውሃው ዛሬ የማን ማሳ ይግባ፣ ነገ የማን የሚሉት እሳቸው ናቸው። ነሲባን ሲያዩ አብሽሪ አሏት፣ እሁድ ከልጆቼ ጋር ሽንኩርት ስትነቅል ውላ ደክሟት ነበር የሄደችው ብለው ለዘነበች ነገሯት። ዘነበች ነሲባን ገልመጥ አደረገቻት። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት ባልታሰረች ነበር። ነሲባ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ዘነበች ስለዚያ ሳምንት ውሃ ጠየቀቻቸው። ሼህ ኢዘዲን መልሱን ማሰብ አላስፈለጋቸውም።

«ሐጂ አብዱልሐሊም የሞተ ሳምንት ነዋ» አሉ፤ «የዚችው የነሲባ አባት፣ አላህ ይርሐመው። ማሳው የእሱ ነው። በእኛ ቦይ ሰው ሲሞት የሟቹ ማሳ ውሃ አይነካም፤ ቤተሰቡ ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶው ሲነሳ ደግሞ ጎረቤት ተራውን ለሐዘንተኛው ይሰጣል። ከራሱ ተራ ጋር እጥፍ ይሆንለታል። በእጃችን የምንሰጠው ሌላ ምን አለን? እኔም ሰጠሁ፣ ወንድሜም ሰጠ።»

«ሽንኩርቱን አይጎዳውም?»

«ይጎዳዋል እንጂ፤ ሊደርስ የተቃረበ ነበር። ይች ልጅ ጥናቴ ተበላሸ ብላ አለቀሰች። ግን ውሃውን አልቀበልም ብላ አልመለሰችውም። ለቅሶ ይመለሳል እንዴ?»

ነሲባ ቦዩ ዳር ቆማ ነበር። ዘነበች፣ አብዱልጀሊል ምን እንደሰረቀ አሁን ገና ተረዳች። ነገ ወልድያ ይምጡልን ብላ ሼሁን ለመነቻቸው። እሳቸውም ኢንሻአላህ አሉ።

ሐሙስ ዕለት የቦርዱ ክፍል ሞልቶ ነበር። አብዱልጀሊል ብቻውን አልመጣም፤ ሽማግሌዎች አስከትሏል። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ፣ ፊታቸው እምቢ ለማለት የሚያሳፍር ሰዎች ናቸው። ጥፋት ጠፍቷል፣ ሰይጣን መሐል ገብቷል፣ ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች ናቸው አሉ። ጥናቱ በሁለቱ ስም ይሁን፣ እሷም ሁለተኛ ጸሐፊ ትባል፣ ደብዳቤውም ይቅር፣ ነገሩ በዚሁ ይብረድ። ዶክተር ሰለሞን ከጭንቅ የተገላገለ ሰው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ማሩም ወደ ዘነበች አየና፣ ይኸው አለቀልሽ የሚል ፊት አሳያት።

ሁሉም ወደ ነሲባ ዞሩ። ሽማግሌ ሲለምን እምቢ ማለት እዚያ አገር ቀላል አይደለም።

«አባቶቼ፣ አከብራችኋለሁ» አለች ነሲባ። «ግን አልስማማም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምክንያቷን ሊጠይቁ ሲሉ ዘነበች ቀደመቻቸውና፣ እርቁ ሳይታሰር ዶክተር አብዱልጀሊልን አንድ ነገር ልጠይቅ ብላ አስፈቀደች። ጽሑፉን ከፊቱ አኖረችና ሠንጠረዡ ላይ ባዶውን ሳምንት በጣቷ አሳየችው።

«ዶክተር፣ በዚህ ሳምንት ማሳህ ለምን ውሃ አላገኘም?»

ወረቀቱን አየው። ያን ቦታ ከዚያ በፊት ልብ ብሎት እንደማያውቅ ከፊቱ ታወቀ።

«ሞተሩ ተበላሽቶ ነበር» አለ።

«ቀጥሎ ለምን እጥፍ ሰጠኸው?»

«ያለፈውን ለማካካስ ነው።»

ዶክተር ሰለሞን ቀና አለ። ሰውዬው ምንም ቢሆን የእርሻ ባለሙያ ነው። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ሠንጠረዡን አየ፣ ደግሞ አየ።

«ሊደርስ በተቃረበ ሽንኩርት ላይ?» ብሎ ጠየቀው። «ጥናቱ እኮ ስለ ውሃ ቁጠባ ነው።»

«ሠራተኛው ተሳስቶ ነው» አለ አብዱልጀሊል።

«ሠራተኛው እኔ ነኝ» አሉ ሼህ ኢዘዲን ከበሩ አጠገብ። «አልተሳሳትኩም። ለሐጂ አብዱልሐሊም ለቅሶ የሰጠሁት ተራዬ ነው።»

ልማዱን በአጭሩ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ከፊሎቹ ለቅሶው ላይ የነበሩ ናቸው። ነሲባ አብዱልጀሊልን ፊት ለፊት አየችው።

«አባቴ ሲሞት ለቅሶ አልመጣህም» አለችው። «እዚህ ወረቀት ላይ ግን ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጠህ፣ ጎረቤቶቻችን ያመጡልንን ተቀብለሃል። የሞተውን ሰው ስም ብቻ አወጣኸው። ሥራዬን ብቻ ሰርቀህ ቢሆን ኖሮ፣ ማን ያውቃል፣ ሽማግሌ እሰማ ነበር ይሆናል። ይህን ግን ከማንም ጋር በስም አልካፈልም። ሁለተኛም አልሆንም፣ አንደኛም ከእሱ ጋር አልሆንም።»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ወደ አብዱልጀሊል ዞሩ።

«ያኔ ጽሑፏ ለአንተ ነበር የተሰጠው?»

ለእሳቸው መዋሸት አልቻለም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ነቀነቀ። አይታተምም ብሎ መልሶ ለራሱ እንዳስቀረው፣ ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ማን ያውቅብኛል ብሎ እንደነበር ተናገረ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ለዚህ አልመጣንም አሉና ሌሎቹን አስከትለው ወጡ።

ክፍሉ ውስጥ ከቀሩት ሁሉ መቀመጫው የቆረቆረው ዶክተር ሰለሞን ነበር። የነሲባ ጽሑፍ በስሟ እንደሚታተም፣ ውጭ አገር ያለው መጽሔትም የአብዱልጀሊልን ጽሑፍ እንዲሽር እንደሚጻፍለት፣ «ሸለቆ»ም ማስታወቂያ እንደሚያወጣ ተናገረ። ላፕቶፑን ከፍቶም ማስታወቂያውን እየጻፈ ያነብላት ጀመር። «በአጠቃቀስ ላይ በተፈጠረ ስህተት» ብሎ ሲጀምር ነሲባ አስቆመችው።

«ስህተት አይደለም። በስርቆት በል።»

ሰለሞን አጠፋና ጻፈ።

«ቀጥሎ፣ ተከሳሿ የተከሰሰችበትን ጽሑፍ ሳታይ፣ ቃሏም ሳይሰማ በዚህ መጽሔት ተፈርዶባት ነበር በል።»

እጁ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ወደ ቦርዱ አባላት አየ፤ አባላቱ ጠረጴዛውን አዩ። ወደ ዘነበች አየ። ዘነበች ለአብዱልጀሊል ተነስ የሚል ምልክት እየሰጠች ነበር፤ ሙሽራ አጅቦ ኬላ ላይ ያመለጠውን ፍተሻ ጣቢያ ወስዳ ልታስከፍለው ነው። ሆኖም ይህን ሳትሰማ ልትወጣ አልፈለገችምና በሩ ላይ ቆመች።

«ነሲባ» አለ ሰለሞን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይህ ለአንድ መጽሔት ይከብዳል።»

«ይክበድ» አለች።